ቦንጋ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ይወርዳል። ጎጀብ ሸለቆ ሲገባ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቀዋል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ሲጀምር ያወለቀውን መልሶ ይፈልጋል። ርቀቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የእኔ ጉልበት ግን ሁለት መቶ አድርጎ ቆጥሮታል። ባለፈው ጥቅምት ወደዚያ የጠራችኝ ነርስነት አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። ጡረታ ስትወጣ አገሯ ገብታ፣ እንሰቷንና ቡናዋን ይዛ ተቀምጣለች። «ሳንሞት አንድ ቀን ነይ» ስትለኝ ዓመታት አልፈዋል። ሌላም ጉዳይ በቦርሳዬ ይዤ ነበር፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ካፋ ሲባል ሁሉም ሰው ቡና ይላል። ትክክል ነው፤ ቦንጋ ላይ የቡና ሙዚየም አለ፤ በደኑ ውስጥም ማንም ያልተከለው ቡና ከዛፍ ሥር በቅሎ ይታያል። ዩኔስኮ የካፋን ደን የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስፋቱ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ክንድ የማይሞላ፣ አበባ የማያወጣ፣ ፍሬ የማያፈራ፣ ማንም ሊያየው ብሎ የማይሄድ አንድ ተክል ነው።

ወደ ደኑ የገባነው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው፤ ጓደኛዬ፣ እኔና አንድ የሰፈሯ ወጣት አስጎብኚ። ጓደኛዬ «ሲስተር ናት» ብላ ስላስተዋወቀችኝ ልጁ እስከ መጨረሻው ሲስተር እያለ ነው የጠራኝ። ከዛፎቹ ሥር ስትገቡ መጀመሪያ የሚሰማችሁ ጠብታ ነው። ዝናብ አቁሟል፤ ዛፎቹ ግን አላቆሙም። ገተማው፣ ቀራሮው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ዶቅማው ላይ ላዩን ተያይዘው ጣራ ሠርተዋል። ከሥራቸው ቡናው በከፊል ጥላ ቆሟል። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ዣንጥላ የመሰለ የዛፍ ፈርን ይታያል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱን፣ ጓደኛዬ ነጭ ካባቸውን አይታ «ዋና ሐኪሙ ዙር ላይ ናቸው» አለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ቀልዱም የሆስፒታል ነው።

አንድ ትልቅ ገተማ ሥር ቆምን። ያ ዛፍ ብቻውን አንድ ቀበሌ ነበር ብል አላጋነንኩም። ግንዱ በአረንጓዴ ምንጣፍ ተለብጧል፤ ቅርንጫፉ ላይ ፈርን፣ ኦርኪድ፣ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ሌሎች ትንንሽ ተክሎች ተደራርበው ይኖራሉ። ከመካከላቸው ከአንደኛው ቅርንጫፍ ቁልቁል የወረደ፣ ብሩህ አረንጓዴ፣ ገመድ ገመድ የሚመስል ዘለላ ነበር። ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። ነፋስ ሲነካው ሁሉም በአንድ ላይ ይወዛወዛል፤ የፈረስ ጭራ ይመስላል።

«ይሄ ተቀጽላ ነው፣ ሲስተር» አለኝ ልጁ። «ለብዙ ነገር መድኃኒት ነው ይላሉ።»

እኔ ዝም ብዬ አየሁት። በነርስነት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር በሽተኛው እንደገባ ስም መስጠት እንደማይቻል ነው። መጀመሪያ ትርታ ይቆጠራል፣ ሙቀት ይለካል፣ ዓይንና ጥፍር ይታያል። ተክልም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ አብረን እንቁጠር። ተቀጽላ የምንለው እውነተኛው ጥገኛ ተክል ሥሩን ከዛፉ ሥጋ ውስጥ ይተክላል፤ የተጣበቀበት ቦታ አብጦ ይታያል፣ ውሃና ጨውም ከዛፉ ይጠጣል። ይሄኛው የተቀመጠበትን ስናይ እብጠት የለም። ሥሩ ቅርፊቱ ላይ ከተጠራቀመው ብስባሽና እርጥበት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ዛፉ ላይ ይከራያል እንጂ ዛፉን አይበላም። የዛፍ ሽበት ይሆን? እሱ ግራጫ ነው፣ ቅጠል የሚባል ነገር የለውም። ዋናውን ክር ቀስ ብላችሁ ብትስቡት ልብሱ ይሰነጠቅና እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነጭ ገመድ ከመሃሉ ብቅ ይላል። ፈንገስና ዋቅላሚ አብረው ሆነው የሚሠሩት ነገር ነው፤ ጭራሽ ተክል አይባልም። ግንዱን የለበጠው ሞስስ? የሞስ ቅጠል ስስ ነው፣ በብርሃን ስታዩት ያስተላልፋል፤ ውሃ የሚያመላልስ እውነተኛ የደም ሥርም የለውም። ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው፣ ስትይዙት ጣት ላይ ይቆማል። ፈርንም እንዳልል ለጋው እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ አይወጣም።

አንድ የሚያሳስት ዘመድ ግን አለ። ወንዙ ዳር መሬት ላይ ተነጥፎ ያየነው ሴላጂኔላ የሚባለው ነው። ያንን ስታገላብጡት ጠፍጣፋ ነው፣ ላባ ይመስላል፤ ቅጠሎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፣ በጎንና በጎን ትልልቆቹ፣ ከላይ ደግሞ ትንንሾቹ። የእኛ ተንጠልጣይ ግን ቅጠሎቹን በግንዱ ዙሪያ በሙሉ ነው የደረደራቸው፤ የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽን አስቡ። ላይ፣ መነሻው አካባቢ፣ ቅጠሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ወደ ታች በወረደ መጠን እያነሰ፣ ከግንዱ ጋር እየተለጠፈ ይሄድና ጫፉ ላይ ቀጭን ሽሩባ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስደስተው አካሄዱ ነው። ግንዱ በሁለት እኩል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ደግሞ እንደገና በሁለት። ግንድና ቅርንጫፍ፣ ታላቅና ታናሽ የለም። ይህ በጣም ጥንታዊ የሆነ አከፋፈል ነው። የዚህ ዘር ሐረግ ምድር ላይ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ክንድ የማይሞላው የዚህ ተክል ዘመዶች ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከ30 ሜትር በላይ የሚቆሙ ዛፎች ነበሩ፤ አውሮፓና አሜሪካ ሲያነዱት ከኖሩት የድንጋይ ከሰል ብዙው የእነሱ ሬሳ ነው። ዳይኖሰር የሚወድ የልጅ ልጅ ያላችሁ፣ ይሄ ከዳይኖሰር በፊት ነው በሉት፤ ያኔ ጆሮውን ይሰጣችኋል።

ከሥር የወደቀ ቅርንጫፍ ላይ የተረፈች አንዲት ቁራጭ ስላገኘን በአጉሊ መነጽር አየናት። በቀጭኑ ጫፍ ላይ፣ በእያንዳንዷ ትንሽ ቅጠል ብብት ውስጥ፣ ቢጫ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያላት ከረጢት ተቀምጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ኪድኒ ዲሽ የተሸከመች ሴት ይህን ቅርጽ አትስተውም። ከረጢቷ ስትበስል በመሃሏ ትከፈትና ዱቄት ትለቃለች፤ ያ ዱቄት ስፖር ነው፣ የተክሉ ዘር መተኪያ።

አዲስ አበባ ስመለስ ዕፅዋት ያጠና የማውቀው ሰው ቁራጯንና ፎቶውን አይቶ ስሙን ጻፈልኝ፦ ፍሌግማሪዩረስ ዳክሪዲኦይደስ። የአፍሪካ እርጥብ ደጋ ደኖች ነዋሪ ነው። አሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ላይኮፖድየም፣ ከዚያ በኋላ በተጻፉት ሁፐርዚያ ተብሎ ይገኛል። አንድ በሽተኛ በሦስት ካርድ ሲመዘገብ የሚፈጠረውን ጣጣ የሆስፒታል ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ላይኮፖድየም በግሪክኛ የተኩላ እግር ማለት ነው። እንግሊዞች ቤተሰቡን በሙሉ ክለብ ሞስ ይሉታል፤ ቆመጥ የመሰለ ጫፍ ስላላቸው ነው እንጂ ሞስስ አይደሉም። በአማርኛ የራሱን ስም የነገረኝ ሰው የለም፤ ተቀጽላ የሚለው ደግሞ እንዳያችሁት የሌላ ተክል ስም ነው።

አሁን ወደ ቦርሳዬ ልመለስ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሆናት ስም መጥፋት ጀመራት፤ ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መንገዱ ግራ ገብቷት ሰው መልሷት ያውቃል። ልጇ ያለችው አሜሪካ ነው። ልቧ ተቃጥሎ፣ ሌት ተቀን ስታነብ ቆይታ፣ ለማስታወስ ይረዳል የተባለ የእንክብል ብልቃጥ በሰው እጅ ላከች። ላዩ ላይ አረንጓዴ ተክል ተስሏል፤ ሁፐርዚን ኤ ይላል። አብሮም መልእክት ነበር፦ «እትዬ፣ ይሄ ተክል እኛም አገር አለ አሉ፤ ካለ ከዚያው ማግኘት አይቻልም ወይ?» እኔን እትዬ የምትለኝ እኔም አሳድጌያት ስለሆነ ነው። እናቷን የምትወድ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብትጠይቅ አይፈረድባትም፤ መልሱን ግን በቅጡ ማግኘት ነበረባት።

የብልቃጡ ተክል ሁፐርዚያ ሴራታ ይባላል። አገሩ ቻይናና ጎረቤቶቿ ናቸው። መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው። የቻይና ተመራማሪዎች ሁፐርዚን ኤን ከእሱ አውጥተው በ1986 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። አንጎል ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚባለውን መልእክተኛ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ይይዛል። ሐኪሞች ለአልዛይመር የሚያዙት ዶኔፔዚልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ነገሩ ተረት አይደለም፤ ጉልበት ያለው ነገር ነው። የተደረጉትን ጥናቶች በ2008 እ.ኤ.አ. የገመገመው የኮክሬን ቡድን ግን ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ቢያይም፣ ጥናቶቹ ትንሽና ደካማ ስለሆኑ ለሕክምና ለመምከር አይበቁም ብሏል።

ጉልበት ያለው ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አይዋጥም። አሴቲልኮሊን ሲበዛ የልብ ትርታ ይቀንሳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣል፣ ያልባል። እትዬ ለደም ግፊቷ አቴኖሎል ትወስዳለች፤ እሱም በበኩሉ ትርታ ይቀንሳል። እጇን ይዤ ስቆጥር 54 ነበር። ሁለቱ ተደርበው አንድ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ቢያዞራትና ብትወድቅ፣ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ምን እንደሚያመጣ ዎርድ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄ እንግዲህ ከፋብሪካ ወጥቶ መጠኑ የተጻፈበት እንክብል ነው። የቦንጋው ዘመዱ ደግሞ ሌላ ዝርያ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አልካሎይድ የሚባሉት ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች ከዝርያ ዝርያ በዓይነትም በመጠንም ይለያያሉ። በአውሮፓ የሚገኘውን ሌላውን ዘመድ፣ ሁፐርዚያ ሴላጎን፣ ሻይ አፍልተው ጠጥተው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። በብልቃጥ ላይ ያለ ሥዕልና በዛፍ ላይ ያለ ዘለላ መመሳሰላቸው፣ ሁለት ወንድማማቾች መመሳሰላቸው እንጂ አንድ ሰው መሆናቸው አይደለም።

ብልቃጡ ሳይከፈት እትዬን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። መርሳት ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም፤ የታይሮይድ ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የጆሮ መድከም፣ ተደራርበው የሚወሰዱ መድኃኒቶችም ያስረሳሉ። ደሟ ሲታይ ታይሮይዷ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለካ ያ ሁሉ ብርድ ብርድ ማለትና የትርታው መዘግየት አንድ እጁ ከዚህም ነው። መድኃኒት ተጀመረላት፤ የግፊቷም መድኃኒት ተቀየረ። ከአምስት ወር በኋላ የልጆቿን ስም አታቀያይርም፣ ቡናዋን ራሷ ታፈላለች። መንገድ ግን አሁንም ብቻዋን አንለቃትም። ሐኪሙ የቀረውን እየተከታተልን እናያለን ብሏል፤ ለልጇም ይህንኑ ነው የጻፍኩላት።

ደኑ ውስጥ እያለሁ ልጁ ሌላ ነገርም አንስቶ ነበር። ለምን እንደምመለከተው ሲጠይቀኝ ስለ ብልቃጡ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ሲስተር፣ አዲስ አበባ የሚገዛ ካለ በአንድ ሳምንት አንድ ጆንያ እሰበስባለሁ» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው፤ ታናናሾቹን የሚያስተምረው እሱ ነው። እኔም አልተቆጣሁትም፤ አብረን ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ቆጠርን። በዚያ ትልቅ ዛፍ ላይ ሦስት ዘለላ ብቻ ነበር። በዙሪያው ያሉ ስድስት ሰባት ወጣት ዛፎች ላይ አንድም የለም።

የሌለበት ምክንያት አለ። ያ ዱቄት ከወደቀበት ቦታ ወዲያው ተክል አይሆንም። መጀመሪያ ከቅርፊቱ ብስባሽ ውስጥ ገብቶ፣ አረንጓዴ ያልሆነ፣ ዓይን የማያየው ኢምንት አካል ይሆናል። ብርሃን ስለማያገኝ የሚመግበው አብሮት የሚኖር ፈንገስ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የምናየው ተክል የሚወጣው። ለዚህም ቅርፊቱ ሻካራ፣ ብስባሹ የቆየ፣ ጉሙ የማይቋረጥ መሆን አለበት። ያ ማለት ያረጀ ዛፍ፣ በዙሪያውም ሌሎች ዛፎች ያሉበት። ደኑ ሳስቶ ፀሐይና ነፋስ ሲገባ ዛፉ ቆሞ ሳለ ይሄ ተክል ይደርቃል። አንድ ጆንያ ለመሙላት ስንት ሽማግሌ ዛፍ መራቆት እንዳለበት ልጁ ራሱ አሰላና «ለአንድ ሳምንት ነው እንጂ ለሁለተኛው የለም» አለ። ሒሳቡን ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የጨረሰው። የአስጎብኚነቱ ቀን ክፍያና ከአጎቱ የሚያመጣው ነጭ ማር ለዓመታት ይቀጥላል። እኔም ማሩን ሁለት ኪሎ ገዛሁ፤ ለጉልበት ባይሆንም ለአንጀት ጥሩ ነው።

ስለ ዱቄቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሙያ ነገር ስለሆነ ማለፍ አቃተኝ። የቤተሰቡ ሌላ አባል፣ መሬት ላይ የሚሳበው ላይኮፖድየም ክላቫተም፣ ስፖሩ በብዛት ስለሚሰበሰብ ዱቄቱ ድሮ ፋርማሲ ውስጥ አይጠፋም ነበር። እንክብል እንዳይጣበቅ ይነሰነሳል፣ የሕፃን ብብትና ጭን ይደርቅበታል፣ የቀዶ ሕክምና ጓንት ውስጥ ይገባል። ውሃ የማይነካው ነገር ነው፤ ጣታችሁን ቀብታችሁ ውሃ ውስጥ ብትከቱ ደርቆ ይወጣል። በ1938 እ.ኤ.አ. ቼስተር ካርልሰን የመጀመሪያውን የፎቶ ኮፒ ሙከራ ሲያደርግ ጽሑፉን ያወጣለት ይኸው ዱቄት ነው። ሆዱ የተቀደደ በሽተኛ ውስጥ ሲቀር ግን ሌላ ነው፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ዱቄቱ ሰውነት ውስጥ እንደሚያሳብጥና እብጠት እንደሚቋጥር ጻፉ። ጓንቱ በኋላ በታልክ፣ ከዚያ በበቆሎ ስታርች ተነሰነሰ። እኔ ሥራ ስጀምር ጓንት ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ታልክ ተነስንሶ፣ እንደገና በእንፋሎት ይቀቀል ነበር። አሜሪካኖች በዱቄት የተነሰነሰ የሕክምና ጓንትን ጨርሰው የከለከሉት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዱቄቱ እስከ ክልከላው ከሰማንያ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ልታዩት ለምትፈልጉ፣ ከዝናቡ በኋላ ያለው ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው፤ ጭቃው ይቀንሳል፣ አረንጓዴው ገና አልደበዘዘም። ከአካባቢው ሰው ጋር ግቡ። ጉልበት ለሚያማችሁ ምርኩዝ፣ ለሁላችንም ዝናብ ልብስ፣ ለልጆች ደግሞ አንድ ርካሽ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካላችሁ አንገት ሳይሰበር ላይኛው ቅርንጫፍ ድረስ ታያላችሁ። ወጣት ዛፍ ላይ አትድከሙ፤ ግንዱን ሁለት ሰው የማያቅፈውን ፈልጉ። እጅ የሚደርስበት አይገኝም፤ ቢገኝም አትቁረጡ። ከዐውሎ ነፋስ በኋላ የወደቁ ቅርንጫፎችን ግን ማገላበጥ ይቻላል፤ የእኔም ቁራጭ ከዚያ ነው የተገኘችው።

ስንመለስ የልጁን አጎት መንገድ ላይ አገኘናቸው፤ በዕድሜ የእኔ አቻ ናቸው፣ ቀፎ ለመስቀል ገመድ ተሸክመው ይሄዳሉ። ስለ ተንጠልጣዩ ጠየቅኳቸው። «እሱ ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ቀፎ አልሰቅልም» አሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ፤ «እርጥብ ነዋ! ንቧ ደረቅ ትወዳለች።» ገመዱን ወደ ሌላኛው ትከሻቸው አዛውረው ወደ ላይ ቀጠሉ።